የውሃው ድልድይ ባለ ዘንግ

ተጠጉ፣ ተጠጉ። ጨለማ ነው ብላችሁ አትንቀጥቀጡ፤ የምነግራችሁ የቀን ነገር ነው። መንፈስ በሌሊት ብቻ ይወጣል ያላችሁ ማነው? ቀትርን ስለማታውቁ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ ዝም ሲል፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲገባ፣ ያን ሰዓት ፍሩ።

በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ብቻውን ገመድ ይጎትት ነበር። ስሙ እንየው ነው። የት ነው የሚጎትተው? ድልድይ ላይ። ድልድይ ስላችሁ ሰውና አህያ የሚያልፍበት እንዳይመስላችሁ። የጥንት ሰዎች ገደሉ ላይ የድንጋይ ቅስት አቁመው፣ ከላዩ ቦይ ሠርተው፣ ውሃ ሞልተውበት ነበር። ታንኳ በዚያ ቦይ ከወንዙ በላይ ይሄዳል። ከሥር ወንዝ፣ ከላይ ውሃ፣ ውሃው ላይ ታንኳ። አንተ፣ አትሳቅ! ያላየኸው ሁሉ ውሸት ነው?

ታዲያ ደንብ ነበረው። ታንኳ የሚያልፈው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ጠርዝ እየሄደ ይጎትታል። ጠርዙ ለአንድ እግር ቢበቃ ነው፤ ዞር ማለት የለም። ሌላው ታንኳው ላይ ቆሞ፣ በረጅም ዘንግ ግድግዳውን እየገፋ መሀል ለመሀል ያስኬደዋል። ታንኳው ደንገል ከሚሉት የውሃ ዳር ሸምበቆ የታሰረ ነው። ድንጋይ ከፈገፈገው ይፈታል። ከተፈታስ? እናንተው ታውቃላችሁ።

የእንየው ባለ ዘንግ ታናሽ ወንድሙ ደምለው ነበር። ነበር ነው ያልኩት። በክረምት ከዚያው ድልድይ ወደቀ። ወንዙ ሬሳውን አልመለሰም፤ በልብሱ ተለቀሰ። አገር ሲያለቅስ እንየው አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያ ቢበላ አይጥመው፣ ቢመቱት አያመው። እንዲያው ይሄድ ነበር።

ታዲያ ለምን ብቻውን ጎተተ? ሚስቱ ስመኝ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አዋላጇ ከገደሉ ማዶ ናት። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ቀብር ሄዷል። ምን ያድርግ? ታንኳው ላይ አስተኛትና ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ።

ሄደ። ታንኳው ግድግዳውን ፈገፈገ፤ ክርር አለ። ሄደ። እንደገና ክርር። ደንገሉ ሲበጠስ ይሰማዋል። ስመኝ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ሄደ።

መሀል ሲደርስ ክርር ማለቱ ቆመ። ገመዱም ቀለለው። ከኋላው ጠቅ አለ። ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ዘንግ ድንጋይ ሲነካ ነው።

«ስመኝ፣ አንቺ ነሽ የምትገፊው?»

«በምን አቅሜ?»

«ታዲያ ማነው?»

ቀና ብላ አይታ «ውሃ ያንጠባጥባል» አለችው። «ፊቱ አይታየኝም። ጀርባው የደምለው ነው።»

ፈራ ትላላችሁ? አልፈራም። ደስ አለው? ደስም አላለው። ገመዱን አጠበቀና ሄደ። ጠቅ። ጠቅ።

ማዶ ደረሱ። ሴቶች ወጥተው ስመኝን ተሸክመው አዋላጇ ቤት አስገቧት። እንየው ጀርባውን ለታንኳው ሰጥቶ ገመድ ይጠቀልላል። ያን ጊዜ አፉ ብቻውን ተናገረ። ለረዳ ሰው የሚባለውን ነዋ! እናንተስ ምን ትላላችሁ?

«እግዜር ይስጥህ። ና፣ ቤት እንግባ» አለ።

ከኋላው እርጥብ እግር ድንጋይ ረገጠ።

አዋላጇ ደጅ ላይ እጇን ዘርግታ አቆመችው። «ከኋላህ ያለው ማነው? ዓይን የለውም።»

«ወንድሜ ነው። ግባ ብዬዋለሁ።»

«ምነው አፍህን በቆረጠው! ግባ የተባለ መች ይመለሳል? አንተ ከገባህ ይገባል። ምጥ ያለበት ቤት ከገባ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም።»

እንየው አልገባም። ከግድግዳው ውጭ ተቀመጠ። ያም አጠገቡ ተቀመጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እልልታ ተሰማ። በዚያ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው። ቆጠረ። ሦስት።

«ስመኝ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለ ከውጭ።

«ግባና ልጅህን እያት እንጂ!»

«አንቺን ትመስላለች?»

«አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው። ምን ያቆምሃል? ግባ!»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ለወንድሙ ያላለቀሰው ሰው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ስመኝ ኮቴ ሰማች፤ የሁለት ሰው ኮቴ፣ አንዱ እርጥብ።

ስመኝ እናቴ ናት። አባቴን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ብቻችሁን መንገድ አትውጡ። ከወጣችሁም፣ ፊቱን ያላያችሁት ሰው ቢረዳችሁ፣ አመስግናችሁ እለፉ። ቤት እንግባ አትበሉ።

እኔማ ይኸው ሰባ ዓመቴ። አንዳንድ ቀን በቀትር ኮቴ ይመጣና ከግድግዳው ውጭ ይቆማል። «ደህና ናችሁ?» ይለኛል፣ ድምፁ ደክሞት። «ግባ አባቴ» ማለት አፌ ላይ ይመጣል። እናንተ የልጅ ልጆቼ ቤት ውስጥ ትጫወታላችሁ። አፌን በእጄ እይዛለሁ።

«ደህና ነን» እለዋለሁ። ይሄዳል።