ሰባት ቀን ባሕር፣ አንድ ሰዓት ስልክ

የመዝናኛ መርከብ ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ የሚዝናና ይመስላል። ከታችኛው ፎቅ አንሶላ ስትተኩስ የምትውለውን ልጅ ግን ማን ጠየቃት! የሥራ ጓደኞቿ «ካውያ» ይሏታል፤ ቶሎ ስለምትግል ነው። በዚያ ቀን ግን ለመናደድም አቅም አልነበራትም።

መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ ስልኳ ከሰዓት ማያነት አያልፍም። ኔትወርክ የምታገኘው በሰባት ቀን አንዴ፣ ወደብ ሲደርሱ ነው። የምሳ እረፍቷን ይዛ እየሮጠች ወረደችና ዋይፋይ ያለበት አዳራሽ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኪሷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አለቃዋ «አንድ ዓመት የምትጨምሪ ከሆነ ዛሬውኑ ፈርመሽ አምጪ» ብሏታል። ከፈረመች፣ አንዴም አገሯ ሳትገባ ሦስተኛ ዓመቷ ሊሆን ነው።

አገር ቤት ያለው ፍቅረኛዋ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ አድሮ፣ ሳይተኛ ነው የጠበቃት። የተዋወቁት ፎቶ ቤት ነው። እሷ ለፓስፖርት፣ እሱ ለመታወቂያ ተነስተው፣ ፎቶ አንሺው ፖስታቸውን አቀያይሮ ሰጣቸው። ፎቶዋን ሊሰጣት የመጣው ሰውዬ በዚያው ለመደ፤ እሷ ደግሞ በሦስተኛው ወር ሄደች።

«የኔ ቆንጆ፣ ከሳሽ እንዴ?»

«አንተስ? ዓይንህ ሽንኩርት ስትልጥ ያደርክ ነው የሚመስለው።»

«ደህና ነኝ ባክሽ» አለና አዛጋ።

«ስማኝ፣ ውሉን ልፈርም ወይስ ልተወው? ምን ትላለህ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። «እንዳልሽ ሆዴ። አንቺ ደስ ያለሽን።»

እንዳልሽ! ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ነው ያላት። ሰው የሚወዳትን ሴት አንድ ቀን እንኳ «ነይ» አይላትም? ዛሬም ካላላት ፈርማ፣ ዳግመኛ ላትደውልለት ቆርጣ ነው የወረደችው።

«እኔ የምልህ…» ስትል ስልኩ ከእጁ ወደቀ። የክፍሉ ጣሪያ ብቻ ታየ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ወይ ጉድ! ሰባት ቀን ሙሉ የተጠበቀው ለማንኮራፋት ነው?

ልትዘጋው ጣቷን ሰነዘረችና ተወችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን አወጣች። ያኔ እንባዋ መጣ። ለነቃው ሰው ነግራው የማታውቀውን ለተኛው ነገረችው።

«ደክሞኛል። እጄ በእንፋሎት ተልጧል፣ ወገቤ የኔ አይመስለኝም። መምጣት እፈልጋለሁ። ነይ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።»

ማንኮራፋቱ ቆመ። ጣሪያው ተናወጠና ፊቱ መጣ፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«መምጣት እፈልጋለሁ አልሽ ወይስ ሕልሜ ነው?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ነይ! ይህን ከአፍሽ እስክሰማ እኮ ነው ያለቅኩት። ነይ ብዬሽ፣ አንድ ቀን ‹ባንተ ምክንያት ቀረብኝ› እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ የማትፈልገኝ መስሎኝ! አንተ ጅል!»

«እሱስ ነኝ።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እነሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከባብረው ዝም አሉ። አሁንም ብዙ አላወሩም። ሁለቱም ደክሟቸዋል። እሱ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፎ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

የቀሰቀሳት አለቃዋ ነው። ወረቀቱን ከጉልበቷ ላይ አንስቶ አገላበጠው።

«ፊርማሽ የታለ?»

«አልፈርምም» አለችው ዓይኗን እያሸች። «ወሩ ሲያልቅ እወርዳለሁ። ላገባ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ «ማንን?» አለ።

«አንተን ነዋ! ተኛ አሁን።»