ፍሬን የሚረግጥ ሰው

«የፍሬን አየር ብቻዬን ማስወጣት እችላለሁ?»

ጥያቄው የወጣው መኪናቸውን በራሳቸው እጅ የሚጠግኑ ሰዎች በሚጠያየቁበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነበር። ጠያቂው ጣውላ የሚያመላልስባት ያረጀች ፒካፕ ያለችው አናጢ ነው። መልሱ ዘነበለት። አንዱ «በጠርሙስና በቀጭን ጎማ ይቻላል» አለ፤ ሌላው ቪዲዮ ለጠፈ። ምክር ሲሆን መቼም የሰው እጅ አያጥርም።

እህትዓለም ግን አንብባ ማለፍ አልቻለችም። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ስሟንም ያወጣላት ወንድሟ ነበር። እሱም አንድ ቀን ይህንኑ ገጽ አንብቦ፣ «እህትዓለም፣ ነይና ፍሬን ርገጪልኝ» ብሎ ደወለላት። «ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ» አለችው። ብቻውን ሠርቶ ወጣ። አየሩ በደንብ ሳይወጣ ቀርቶ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው፤ ሬሳውን ለእሷና ለአባቷ አመጡላቸው።

«አይቻልም» ብላ ጻፈች። «አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ብሎኑን እየከፈተ አየሩን ያስወጣል። ሰው ፈልግ።»

«ሰው የለኝም» አለ።

አድራሻውን ጠየቀችው፤ ልቧ እየፈራ እግሯ ወሰዳት። አናጢው ከኋላ ጎማ ሥር ተጋደመ፤ እሷ መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢው... አሁን ልቀቂ። ለመሆኑ መካኒክ ነሽ?»

«ብሎን ሻጭ ነኝ።»

«እኔ ጣውላ ቆራጭ። ወይኔ መኪናዬ፣ በማን እጅ ወደቀች!»

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበርና የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። እሱ ከመኪናው ሥር አንገቱን አውጥቶ አያት። እሷም ዓይኗን መስበር አቃታት።

ከዚያ በኋላ አናጢው ሱቁን ቤቱ አደረገው። ለፒካፗ የማይገጥም ማጣሪያ ሳይቀር ገዛ። ወደዳት፤ ወደደችው፤ ጎረቤት ሁሉ አወቀ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አናጢው ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲመጣ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«መኪናውን ራሱ ለሚፈታታ ሰው ልጄን አልሰጥም። አንዱን ቀብሬያለሁ።»

«እሸጣታለሁ፣ አባባ።»

«መኪናዋን ብትሸጥ እጅህንስ ትሸጠዋለህ?»

አናጢው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ወደ ሱቁም ድርሽ አላለም። እህትዓለም እህል አልወርድ አላት። ያፈነችው ነገር ከእሱ ናፍቆት ጋር ተደርቦ ሊገድላት ሆነ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አባቷ አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ልጅህን የገደለው ያ ገጽ አይደለም። ርገጪልኝ ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ነገ አልኩት።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ። ካንቺ ቀጥሎ ለኔ ደወለ። ‹እህትዓለም ሥራ ላይ ናት፤ አንተ ብቅ በልልኝ› አለኝ። የሙሽራ ልብስ ይዤ ነበር። ‹እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?› ብዬ ዘጋሁበት።» እጃቸው ጨርቁን ጨመደደው። «የፈለገው እግር ብቻ ነበር፣ ልጄ። እግር ደግሞ ነበረኝ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ታመው ኖረዋል። ልታቅፋቸው ስትል በእጃቸው መለሷት።

«ልመርቅሽ አልችልም፤ አፌ እሺ አይለኝም። ግን ይሄ ልጅ በጠራሽ ጊዜ ሥራ አለኝ እንዳትይው። ሂጂ።»

አናጢው በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አልጠራሁሽም እኮ» አለ ግራ ገብቶት።

«እስክትጠራኝ አልጠብቅም» አለችው፤ ደረቱ ላይም ተደፍታ ስለ ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች።