ሳተርንን ያየችለት

ወለላ ፍሬአብን ያወቀችው ባጃጅ ውስጥ ነው። ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ዝናብ አባሯት ዘላ ስትገባ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ያቀፈ ወጣት ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ሕፃን ነው?» አለችው እየሳቀች።

«ቴሌስኮፕ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የሳተርንን ቀለበት ላሳያቸው ነበር፤ ይሄ ደመና ግን...» ቀና ብሎ አያት፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የጨርቅ ሱቋን ስትዘጋ ወደ እሱ ግቢ መሄድ ለመደች። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ጨረቃንም ጁፒተርንም አብረው አዩ። ሳተርን ግን አንድም ቀን አልታየቻቸውም።

«ሰዎች መንኮራኩር ልከው በእሷና በቀለበቷ መካከል አሳልፈዋል» ይላታል። «እኔ ግን ከዚህ ሆኜ እንኳ እስካሁን አላየኋትም።»

አንድ ምሽት ሻይ ሲቀዳላት ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው።

«ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ጅማ ያሉት ሐኪሞች የጠፋው እይታ አይመለስም ብለውኛል። የቀረውም እየጠበበ ነው። አልይዝሽም፣ ወለላ። ሂጂ።»

አልሄደችም።

«ልጄ፣ ዕድሜሽን ሙሉ እጁን ይዘሽ ልትዞሪ ነው?» አሏት እናቷ ወይዘሮ ተሾመች። ወለላ ነጠላዋን አንስታ ወደ ፍሬአብ ግቢ ሄደች። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ከማድረግና ወደ ሰማይ ከማየት በቀር የምትችለው ነገር አልነበረም። መስከረም አለቀ፣ ጥቅምትም አለቀ፤ ዝናቡ አልቆም አለ።

ኅዳር ላይ ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን ፍሬአብ ፊቷን ያወቀው በእጁ ዳስሶ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ምሽት ሰማዩ ጥርት አለ። ወለላ ግቢው መሃል ደርቃ ቀረች።

«ዛሬስ?» አላት ከበሩ ላይ።

«ደመና ነው።»

«ድምፅሽ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቀና ብለሽ እያየሽ ነው» አላት በለሆሳስ።

መዋሸት አቃታት። ቴሌስኮፑን አወጣች፤ እሱ እንዳስተማራት ሳተርን ላይ አነጣጠረች። ቀለበቱ ትንሽ ነው፤ ግን ልቅም ብሎ ይታያል።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«አልችልም፣ ፍሬ።» እንባዋ ሌንሱን አደበዘዘባት።

በዳበሳ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ። «በቃ ዝም ብለሽ እይልኝ። እጠብቅሻለሁ።»

ዓይኗን ጠርጋ መልሳ አየች። ሳተርን ቀስ እያለች ወደ ሌንሱ ዳር ሄደች፤ ከዚያም ወጣች። ወለላ ቴሌስኮፑን አንቀሳቅሳ አልተከተለቻትም፤ ዞራ ባሏን አቀፈችው።