የአጫጭር ቃላት ቤት

ሽማግሌው መምህር ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ግንባራቸውን ማይክሮፎኑ ሥር ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሞተው ተገኙ። ያየ ሁሉ «ያ ሳል ጨረሳቸው» አለ። ሐኪሙ ግን በጥርሳቸው መካከል የወንበሩን ትራስ ክር አገኘና «ታፍነው ነው» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

በማግስቱ ጠዋት የምርመራ ክፍሉ አንዲት ሴት ላከ። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን ይቀራል። አለቃዋ ሲያሰናብታት «ነገሩ ያለቀ ነው፤ ከምሳ በኋላ ቤት የነበረችው የገዛ ልጃቸው ብቻ ናት። ከሰዓት መኪና ይዤ መጥቼ እንወስዳታለን» ብሏት ነበር። ወንፊት ቤቱ ስትደርስ ልጅቷን ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ስታጠባ አገኘቻት። ወንፊት ሆዷ ባባ። ሆድ መባባት ለመርማሪ ጥሩ አይደለም ይባላል፤ የሚሉት ግን ሕፃን ከእናቱ ጡት ነጥለው የማያውቁ ናቸው።

ቤቱ የቃላት ቤት ነበር። መምህሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አጫጭር ቃላትን ሲለቅሙ ነው፤ አንዷን ቃል ይዘው፣ በማይዛመዱ ቋንቋዎች ምን ምን እንደምትል እየተናገሩ ያስቀርጹ ነበር። የሚናገሩባት የውስጥ ክፍል ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳዋ በፍራሽ ተሸፍኗል። ከውጭ ባለው ክፍል የቀረጻው ማሽንና ድምፅ ማጉያው ተቀምጠዋል። በውስጡ በር ላይ ቀረጻ መኖሩን የሚያመለክት ቀይ መብራት አለ፤ እሱ ከበራ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በሩ አይከፈትም።

ወንፊት የውስጡን ክፍል ቀስ ብላ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጆግ እስከ አፉ ድረስ ውኃ ሞልቶታል፤ ብርጭቆው ደረቅ ነው። በውጭው ክፍል ግድግዳ ላይ ቃላቱን ያዋጡ ሰዎች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። አንዱ ምስማር ባዶውን ነው።

መጀመሪያ የልጅቷን ባል ጠራችው። የመምህሩን ድምፅ የሚቀርጸው እሱ ነው።

«ለምንድን ነው ‹መቀስ› የሚሉህ?»

«እንከን ስለምቆርጥ ነዋ፣ እትዬ። ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ሳል፣ ሁሉንም አወጣለሁ። ቃሉ ብቻ ጥርት ብሎ እንዲቀር።»

«ትናንትስ?»

«ጠዋት ለጋሼ ማሽኑን አስተካክዬላቸው ወደ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኮቹን ይጠይቋቸው፤ እስከ ማምሻው ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል፤ ብገባ...» ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ እንቅልፍ የሚባል አላየም።

ቀጥሎ የገባው የመምህሩ የሥራ ተባባሪ፣ የቋንቋ ምሁር የሆነው ዶክተር ነበር።

«ተጣልተን ነበር፣ አልዋሽም» አለ። «አንዲት አሁን ያረፉ አሮጊት፣ ከእሳቸው በቀር ተናጋሪ ያልቀረውን ቋንቋ አስቀርጸውን ነበር። መምህሩ ‹ቃላቷ ከጎረቤት ቋንቋ የተደባለቁ ናቸው፤ እሰርዛቸዋለሁ› አሉ። ይቆዩ ብላቸው እምቢ! ትናንት ከምሳ በኋላ ልለምናቸው መጥቼ ነበር፤ ግን ቀዩ መብራት በርቷል፣ ድምፃቸውም በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ተመለስኩ።»

«የመምህሩ ድምፅ የተጣራ ቅጂ አንተ ዘንድ አለ?»

«የት አባቱ! መቀስ ሳልጨርስ አልሰጥም ብሎ አንዱንም አላስረከበኝም።»

ልጅቷ የገባችው ሕፃኑን እንደታቀፈች ነው።

«ጠዋት ጆጉን ሞላሁለት» አለች። «አባዬ ሳሉ ጉሮሮውን ስለሚያደርቀው ቃል በተናገረ ቁጥር ይጎነጫል። ከምሳ በኋላ ብቅ ስል እየተቀረጸ ነው። ‹ማ› ይላል። ‹ባንዱ አገር እናት ናት። ባንዱ ‘ግን’ ማለት ነው። ባንዱ ‘ምን?’ ባንዱ ‘እኛ’። በእኛ ደግሞ፣ ማ? ማን ነህ?› እንደዚያ ጥርት ብሎ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ዛሬስ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታውን እንዳልበጠብጥበት በእግሬ ጣት ተመለስኩ።»

«ከዚያ በኋላ ቤት ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ።» የምትናገረው ራሷን እንደሚያስር ታውቃለች፤ ቢሆንም መዋሸት አልሆነላትም።

«የዚያ ባዶ ምስማር ፎቶስ?»

«የአማቴ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። ትናንት ጠዋት አባዬ ሲያወርደው አየሁት።» ከዚያ የወንፊትን ክንድ ጨመቀች። «እትዬ፣ በልጄ ይሁንብኝ፣ እኔ አይደለሁም። ጡጦ አይለምድም እኮ! ሲወስዱኝ ማን ያጠባልኛል?»

ውጭ የአለቃዋ መኪና ሲቆም ተሰማ።

ሁሉም በውጭው ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃዋ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

«ቆየኝ» አለችው ወንፊት። «ልጅቷን ያስጠረጠራት አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ ከምሳ በኋላ በሕይወት ነበሩ መባሉ። በሕይወት ነበሩ ያሰኘው ደግሞ መብራቱና ድምፁ ነው። ጆጉን እዩት። በየቃሉ የሚጎነጩ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲናገሩ ውለው ጠብታ አልቀመሱም?»

አለቃዋ በውስጡ በር ብቅ ብሎ ጆጉን አየ።

«ልጃቸው ‹ጥርት ያለ ነበር› አለችኝ። ሳል የሌለበት ማለቷ ነው። እኒህ ሰው ሳይስሉ ሁለት ቃል መናገር ይችሉ ነበር?»

«በጭራሽ» አለ ዶክተሩ፤ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲያው የተሰማው ሰው አይደለም፤ ቅጂ ነው። ያውም ሳሉ ተቆርጦ የወጣለት ቅጂ። የመብራቱ ማብሪያ ማሽኑ ጎን ነው። መምህሩ የሞቱት ጠዋት ነው፤ ድምፃቸው ግን እሳቸው በሌሉበት ብቻውን ሲያወራ ዋለ። የተጣራውን ቅጂ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ነው። በሕይወት ያሉ ለማስመሰል ሳሉን መተው እንደነበረበት አላሰበም፤ እጁ የለመደው ማጥራት ነዋ!»

ዓይን ሁሉ ወደ መቀስ ዞረ። ሚስቱ ብቻ አልዞረችም።

«ያ ፎቶ የእናትህ ነው» አለችው ወንፊት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መቀስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ከእናቴ የቀረኝ ድምፅዋ ብቻ ነበር። ልጄ አያቱን በዚያ ያውቃታል ብዬ... ጠዋት ‹ሰረዝኩት› አሉኝ። ጫማቸው ላይ ወድቄ ሌላ ቅጂ ካለ ብዬ ለመንኳቸው። ‹የለም፤ ያልጠራ ቃል፣ ቃል አይደለም› አሉኝ። ከዚያ ትራሱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሚስትህ ልትታሰርልህ ስትልስ?»

«ሳሉ ገደላቸው ይባላል ብዬ ነበር። እሷን ሲሉ አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ... ምላሴ ተሳሰረ።»

«የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ» የሚለው ተረት ለዚህች ልጅ አነሳት። ነጻ ወጥታለች፤ ሕፃኗ ከጡቷ አይለይም፤ ይህን ግን ልብ ያለችው አትመስልም። በር ላይ ቆማ የተደሰተችበትን ያንን ሳል አልባ ድምፅ እያሰበች ነበር። አባቷ ከበሩ ወዲያ ሞቶ ተኝቷል፣ እሷ ተሻለው ብላለች።

ካቴናው ሲቆለፍ ወደ ባሏ ቀረበች። ትተፋበታለች ብለው ፈሩ።

«ሳሉ ያለበት ቅጂ አለህ?» አለችው።

«ምን?»

«የአባዬ ሳል። እሱን ነው የማውቀው። ሌሊት ስባንን የሚያስተኛኝ እሱ ነበር። ያለበትን ስጠኝ።»

መቀስ ቀና ብሎ አያት።

«ቆርጬ ጥዬዋለሁ» አለ።

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የለም።»