የውብነሽ ፈውስ

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ውብነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሸቤ ቡና ጭኖ ሲመጣ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን መቅደላዊትን በስፌት መኪናዋ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ ልታበቃት ጥቂት ነበር የቀራት። መበለትነቱ አልበቃ ብሎ ስኳር ያዛት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ፍሪጅ ከየት ይምጣ? እግዜር ይስጣትና ጎረቤቷ ረሺዳ ከወተቱ አጠገብ ቦታ ለቀቀችላት። ውብነሽ በአጥሩ ሽንቁር ብቅ ስትል ረሺዳ «አካም ቡልቴ፣ ውብዬ» ብላ፣ እንዴት እንዳደረች በኦሮምኛ ጠይቃ፣ ብልቃጡን ታወጣለች። አንዷ ለጁምዓ አንዷ ለእሁድ እየተዘጋጁ ስንት ዓመት ሲኖሩ፣ በሃይማኖት አንድ ቀን ተከራክረው አያውቁም። ሥራ ያላቸው ሴቶች ነበሩ።

መቅደላዊት ግን በዚያ ሰሞን ወሬዋ ሁሉ ስለ እምነት ሆነ። እናቷ ካሳደገቻት ቤተ ክርስቲያን ወጥታ፣ መጋዘን ተከራይቶ የሚሰበሰብ አዲስ ኅብረት ውስጥ መዘምር ሆናለች። የድሮው ቤት መዝሙሩ ያንቀላፋል፣ ሽማግሌዎቹ ያዛጋሉ፣ እሳት የለም ትላለች። እውነቷን ነው፣ እዚህኛው ቤት እሳት ነበረ! ድምፅ ማጉያው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ነቢይ ተብዬው ገና መድረክ ሳይወጣ ሽቶው ይደርሳል። ሹል ጫማው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል፤ በጅማ ክረምት ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው ምን ዓይነት እግረኛ ነው? ኪቦርድ የሚመታለት ሚሊዮን ደግሞ ነቢዩ ሲያለቅስ የሚያለቅስ፣ ነቢዩ ሲስቅ የሚስቅ፣ የራሱ ፊት የሌለው ልጅ ነበር። መቅደላዊት ይህንን ልጅ ወደደችው፤ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ሚሊዮን ሽማግሌ ሊልክ ቃል ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን ከመዝሙር ልምምድ ሲመለሱ ጉዳዩን አነሳ።

«መቅዲ፣ ነቢያችን ጋብቻችንን እንዲባርኩልን እፈልጋለሁ። ግን የእናትሽ ነገር አለ።»

«እናቴ ምን አደረገች?»

«በሽታ ካለበት ቤት ሚስት አይወሰድም ብለዋል። እሁድ አምጫት፣ ትጸለይላትና ትመስክር፣ ያልቃል።»

ያልቃል! እውነቱን ነው፣ አለቀ። መቅደላዊት ቤት ገብታ ይህንኑ ለእናቷ ነገረቻት። ውብነሽ የያዘችውን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ሰማቻት።

«እኔ ካልመሰከርኩ አያገባሽም?»

«እንደሱ አይደለም እማዬ፣ የእምነት ጉዳይ ነው።»

«እሺ» አለች ውብነሽ።

እሁድ ጠዋት መቅደላዊት ረሺዳ ቤት ሄዳ፣ «እትዬ ረሺዳ፣ የእማዬን መድኃኒት በሙሉ ይስጡኝ፤ ሐኪም አሳዩኝ ብሏል» አለች። ለጌታ ብላ፣ በጌታ ቀን፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ረሺዳ ምን ጠርጥራ? በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። መድረኩ ላይ ነቢዩ የውብነሽን ግንባር በመዳፉ ገፋ አደረገ፤ ሚሊዮንም ልብ የሚያባባውን ዜማ በሰዓቱ ለቀቀ። «ስኳሩ ወጥቷል! ምን ይሰማሻል እናቴ?» ማይኩ አፏ ላይ ተደቀነ። ውብነሽ ወደ መዘምራኑ ዞር ብላ ልጇን አየች፤ ልጇ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። «ድኛለሁ» አለች። ያኔ ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተደረደሩና ያ ሹል ጫማ ወጣባቸው። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ! የአንዲት ምስኪን ሴት ዕድሜ ሲሰባበር እልል የሚል ጉባኤ ታይቶ ይታወቃል? ቪዲዮው ገና ሳይመሽ ኢንተርኔት ላይ ወጣ።

በዚያ ኅብረት አንዴ በአደባባይ የመሰከረ ሰው ተመልሶ መርፌ ከተወጋ፣ ጌታን ውሸታም አድርጓል ይባላል። ስለዚህ እህቶች ነን የሚሉት ውብነሽን ሊያበረታቱ በየቀኑ እየመጡ ቁጭ ይሉ ጀመር፤ ማበረታታት ብለው ነው የሚጠሩት፣ ዘብ ጥበቃውን! ውብነሽ ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች። ልብሷ ሰፋት፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ የበላችው ሁሉ አልረጋላት አለ። «ሰይጣን የሚያሳይሽ የሐሰት ምልክት ነው» አሏት፣ ስኳር በሽታን ከጉንፋን የማይለዩት ሴቶች። ረሺዳ ነገሩን ስትሰማ ከፋርማሲ አዲስ መድኃኒት ገዝታ መጣች። በር ላይ የመለሰቻት ማን ትመስላችኋለች? የውብነሽ የገዛ ልጅ!

«እማዬ ተፈውሳለች፤ አያስፈልጋትም።»

«ልጄ፣ ጌታችሁ ከእኔ ፍሪጅ ጋር ምን ጠብ አለው? እሱም ይፈውሳት፣ እሷም ትወጋ።»

«እርስዎ ይሄ አይገባዎትም።»

ረሺዳ መድኃኒቱን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ብዙም አልቆየ፣ ውብነሽ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። በባጃጅ ሆስፒታል ሲያደርሷት መቅደላዊት ለነቢዩ ደወለች፣ ደግማ ደወለች… ነቢዩ ወደ አሰንዳቦ ከተማ ለአገልግሎት ወጥቷል፤ ስልኩን የሚያነሳው ጠባቂው ነው። «በጸሎት ላይ ናቸው» ይላታል። ሚሊዮን እንኳ መጣ፤ ምነው ባልመጣ! ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣ «እዚህ መሆኗን ሰው ባይሰማ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮውን ስንቱ አይቶታል» አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ካቆመች ስንት ጊዜ እንደሆናት ሲጠይቅ መቅደላዊት እንደገና ለነቢዩ ደወለች። ውብነሽ አንዴ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«ሚሊዮን መጥቷል?»

«መጥቷል እማዬ።»

«እሰይ» አለችና ዓይኗን ከደነች። በማግስቱ አረፈች።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሚሊዮን ክራባቱን አስተካክሎ ተነሳ። «እናታችን ፈውሷን ተቀብላ ነበር» አለ፤ ድምፁ ሳይቀር የነቢዩ ነው። «ግን ልቧ ተጠራጠረ። በድብቅ መድኃኒት ጀመረች፤ ፈውሷም ተወሰደባት።» እህቶች ተብዬዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሴቶቹ መካከል ረሺዳ ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች።

«ወላሂ አልጀመረችም። በአጥሩ ጠርቼ ለመንኳት። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም ረሺዳ አለችኝ። ታዲያ ለምን ድኛለሁ አልሽ ብላት፣ ልጄ እስክትዳር ልቻለው፣ ከዚያ እወጋለሁ አለችኝ።»

እናት አልተታለለችም! አላመነችም፣ አልተጠራጠረችም፤ ለልጇ ስትል ጥሟን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች… መቅደላዊት ቀና ብላ ይህን ልጅ አየችው፤ ክራባቱን፣ የተዋሰውን ድምፅ። እናቷን የሰጠችው ለዚህ ነበር? ናቀችው። ከእሱ አብልጣ ራሷን ናቀች።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችው።

«መቅዲ፣ ሐዘን ላይ ስለሆንሽ ነው…»

«ውጣ።»

ወጣ። እህቶቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ረሺዳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

የውብነሽ ዕድሏ ነው ይላል ዛሬ ሰዉ፤ ከላይ የተጻፈ ነው ይላል። አይ ዕድል! ስንቱ አጭበርባሪ፣ ስንቱ ፈሪ፣ ስንቷ ለባል የቸኮለች የሠሩትን ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል! መቅደላዊት እግዚአብሔርን አልተወችም፤ በድሮው ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ አትዘምርም። የምትጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ለእማዬ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፤ ሰርጉ ቀርቷል፣ አትጠብቂ በላት።» ከዚያ አሜን ሳትል ተነስታ ትወጣለች።