ከመጋዘኑ ግድግዳ ትይዩ

ዱርሲቱ ዋቆ በዚያ ሰኞ ጠዋት መንገዱን የተሻገረችው ልትጣላ ነበር።

በቡራዩ ዋና መንገድ ዳር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ፊት ለፊት፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ መጋዘን አለ። ድሮ እህል ይከማችበት ነበር፤ ኋላ ጋራዥ ሆነና የጭነት መኪናዎቹ ጭስ ግድግዳውን እንደ ድስት ቂጥ አጠቆረው። አሁን ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ስለተወሰነ የሚያጸዱት ሰዎች መጥተዋል። የሚያጸዱት ታዲያ በውሃና በብሩሽ አይደለም። ኮምፕረሰሩ እያጓራ አየር ይገፋል፤ አየሩ በወፍራም ጎማ ውስጥ አሸዋ ተሸክሞ ይወጣል፤ አሸዋው ድንጋዩን እየገረፈ የዓመታት ጥቀርሻውን ይልጠዋል። አቧራው ደግሞ አስፋልቱን ተሻግሮ ዱርሲቱ ቤት ይገባል።

የኮፒ ማሽኗ ለሦስተኛ ጊዜ ወረቀት ነክሶ ሲቀር ትዕግስቷ አለቀ።

ጎማውን የያዘው ሰው እስከ ደረቱ በሚደርስ ወፍራም መሸፈኛ ተጀቡኖ መወጣጫው ላይ ቆሟል። ጮኸችበት። አልሰማትም። ኮምፕረሰሩ አጠገብ ወደ ቆመው ዮኒ ወደሚባለው ባልደረባው ዞራ «አጥፋው!» ብትለው፣ ዮኒ ለምን ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ አጠፋው።

ድንገት የመጣው ዝምታ እሷኑ አስደነገጣት።

ሰውየው ወረደና መሸፈኛውን አወለቀ። ወጣት ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ዓይኖቹ ብርሃኑን እስኪለምዱ ጠበብ ብለዋል።

«ምን ሆነ?»

«ማሽኔ አሸዋ በላ። የሆነው እሱ ነው! የሰው እንጀራ እንዲህ ይዘጋል?»

ቁጣዋን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። «ይቅርታ» አለ። «ሸራ እንሰቅላለን። ሰፈርሽ እዚሁ ነው?»

«ምን አገባህ? አሸዋ ሜዳ ነው።»

ዮኒ ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። ወጣቱም ሊይዘው ሞክሮ አቃተው። «የአሸዋ ሜዳ ልጅ ሆነሽ አሸዋ ትጠያለሽ?»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም።

«ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አላት። እውነቱ ነበር ስሙ።

ከጥቁሩ ግድግዳ መሃል አንድ ክንድ የምታህል የጸዳች ቦታ አለች። ከጥቀርሻው ሥር የወጣው ድንጋይ ማር የመሰለ ቢጫ ነው። ዱርሲቱ ሳታስበው መዳፏን አሳረፈችበት።

«በሹል መሮ ነው የተጠረበው» አለች። «አየህ፣ ምቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው ያጋደለው። ጠራቢው አልቸኮለም።»

እውነቱ አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያጸዳ እንዲህ ድንጋይ የሚያነብ ሰው ገጥሞት አያውቅም። «ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።»

«ነበር?»

እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። «ልሂድ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብላ ተሻገረች።

በማግስቱ በመንገዱ በኩል ሸራ ተሰቅሎ አገኘችው፤ አቧራውን እንዲይዝ በውሃ ርሷል። ጠዋት ጠዋት፣ ተማሪውና ባለጉዳዩ እሷ ደጅ በሚሰለፍበት ሰዓት፣ እውነቱ የጓሮውን ግድግዳ ይሠራል። ወደ እሷ በኩል የሚዞረው ከሰዓት በኋላ፣ ገበያዋ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ማንም አልነገራትም፤ ግን አስተዋለች።

ከሥራ ሲወጣ ታጥቦ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ ብቅ ይላል። «መታወቂያዬን ኮፒ አድርጊልኝ።» በማግስቱም ያንኑ መታወቂያ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዱርሲቱ መታወቂያውን ይዛ ቀና አለች።

«እውነቱ፣ ይሄ ስንት መሥሪያ ቤት ነው የሚገባው?»

«አንድ ብቻ። ገና አልተፈቀደልኝም እንጂ።»

«ምን ብለህ አመለከትክ?»

«ገና አላመለከትኩም። ጸሐፊዋን እፈራታለሁ።»

ያን ዕለት ቤቷን ቀደም ብላ ዘጋች። እስከ አሸዋ ሜዳ በእግራቸው ሄዱ። ታክሲዎቹ «አሸዋ ሜዳ! አሸዋ ሜዳ!» እያሉ ቢያልፏቸውም አንዱንም አላስቆሙም።

ከደሴ እንደመጣ፣ ፉሪ ዳገቱ ላይ ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ነገራት። መጀመሪያ ያጸዳው የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ነበር። ሥራው ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ መጥተው ግድግዳውን ሲያዩ «እኔ ፊደል ስቆጥር እንዲህ ነበር መልኩ» ብለው አለቀሱ። «ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አላማረኝም» አለ እውነቱ።

እሷ ደግሞ ለማንም አውርታ የማታውቀውን አወራችው። አባቷ ኦቦ ዋቆ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ጠርበዋል። በመጨረሻ ብናኙ ሳንባቸው ላይ ተቀመጠ። «ተኝቶ መተንፈስ አቃተው። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፤ ካቋረጠ ሃርሜን፣ እናቴን፣ እንድጠራ። ሰባት ዓመት።»

እውነቱ እጇን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ዓይኗ ጫማው ላይ ቀረ። የጫማው ስፌት ላይ ነጭ ብናኝ ነበረ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ እናቷ ዘንድ ወሰደችው።

አዴ ተረፈች በሩ ላይ «አካም ጂርታ፣ ልጄ?» ብለው ተቀበሉት።

«ፈያ ዳ፣ እማማ። እርስዎስ ደህና ነዎት?» ሳምንቱን ሙሉ ኦሮምኛውን ሲለማመድ ነው የከረመው። አዴ ተረፈች ሳቁ፤ ዱርሲቱም እፎይ አለች። ነገር ግን እጁን ሲያስታጥቡት ሴትዮዋ የጥፍሮቹን ሥር አዩ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆም አሉ። የጠየቁት ግን ምሳው ከተበላ በኋላ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

ዱርሲቱ «ግንበኛ ነኝ በል» ብላ መክራው ነበር። ስሙ አስገድዶት ይሁን እንጃ፣ አልዋሸም። አሸዋውን፣ ጎማውን፣ ግድግዳውን ሁሉንም ነገራቸው።

«መሸፈኛ አለኝ፣ እማማ። ንጹሕ አየር በቱቦ ይመጣልኛል።»

«ዋቆም ፎጣ ነበረው» አሉ አዴ ተረፈች። ድምፃቸው አልጠነከረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ቤቴ እንግዳ ሆነህ ና። አማቼ ሆነህ ግን አትምጣ። ልጄ እኔ የኖርኩትን እንድትኖር አልሰጥህም።»

በማግስቱ ዱርሲቱ ሥራው ሳይጀመር ተሻገረችና መሸፈኛውን በእጇ አገላብጣ አየችው። አየሩ ይጣራበታል የተባለው ቦታ ላይ ያገኘችው የተቀደደ ጨርቅ ነው። የአየር ቱቦው የሚስበው ከዚያው ከኮምፕረሰሩ ጭስ አጠገብ ነው። አሸዋው የወንዝ አሸዋ ነው፤ እየተሰበረ እንደ ዱቄት የሚተንነው።

«ይሄ ነው ንጹሕ አየር?»

«ለካሳሁን ነግሬዋለሁ» አለ እውነቱ፤ ካሳሁን አሠሪያቸው ነው። «ይቀየራል ብሏል።»

«መቼ?»

የተቀደደውን ጨርቅ በጣቱ ወደ ቦታው ገፋው።

«ተወው እውነቱ። ሥራውን ተወው።»

«ይሄን ትቼ ምን ልሁን? ዱርሲቱ፣ እጄ የሚያውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

«እኔ ትንፋሽ እየቆጠርኩ ነው ያደግሁት። ሁለተኛ አልቆጥርም።» እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን አዞረች። እሱም መሸፈኛውን ከእጇ ተቀበለ። ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም ቶሎ አልሰበሰቡም።

ከሳምንት በኋላ ግድግዳው አለቀ። መወጣጫው ወረደ፤ ኮምፕረሰሩ መኪና ላይ ተጫነ። ቀጣዩ ሥራ ሱሉልታ ነው አሉ። እውነቱ ሳይሰናበታት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ብቻ ቀረላት። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቷ ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲያርፍበት ቢጫው ይቀላል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ «እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?» ይላል። ዱርሲቱ ያን ሰዓት ጀርባዋን ትሰጠዋለች። የኮፒ ማሽኗ ወረቀት መንከስ አቆመ። ይሄም አስከፋት።

ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ክረምቱ ገባ። አንድ እሑድ ተነስታ ሱሉልታ ሄደች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሜዳው ላይ ፈረሶች ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል። ሥራ ቦታው ተዘግቷል። ጥበቃው ከጃንጥላው ሥር ሆኖ «እውነቱ? እሱማ ከለቀቀ ቆየ። የት እንደሄደ አላውቅም» አላት። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ስትመለስ፣ ሌላ አግኝቷል ብላ ልቧን ልታሳምነው ሞከረች። ያ ቢሆን ቢያንስ መናደድ ይቻል ነበር። ልቧ ግን እሺ አላላትም።

መስከረም ላይ ዮኒ ቤቷ መጣ፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ዓይኑን ሰበረ። ኮፒ የሚያስደርገው የሐኪም ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ «የሳንባ ራጅ» የሚለውን አየች።

«አመመህ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ነፃ ነኝ፣ ተመስገን! እውነቱ ነው ሁላችንንም እንድንመረመር ያስገደደን። የሱ ውጤት ከመጣ በኋላ...» ዮኒ አፉን በእጁ ያዘ።

«የሱ ውጤት ምን አለ?»

«እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ዮኒ!»

ነገራት። እሷ ተወው ባለችው በሦስተኛው ቀን ሄዶ ተመርምሯል። ሳንባው ላይ ጠባሳ ጀምሯል። አይጠፋም፤ አቧራውን ከተወ ግን አካሄዱ ቀስ ሊል ይችላል ብለውታል። ውጤቱ የደረሰው ሱሉልታ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ሥራውን የለቀቀውም ያኔ ነው። አሁን ሰበታ፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት በእጅ ከሚያጸዱ ሰዎች ጋር ይሠራል፤ በውሃና በብሩሽ፣ ክፍተቱን በኖራ እየሞሉ። «"እናቷ ልክ ነበሩ" አለኝ» አለ ዮኒ። «"አሁን ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ?" አለ።»

ዱርሲቱ ቤቷን ዘግታ ወደ እናቷ ሄደች። አዴ ተረፈች ግቢ ውስጥ ጎመን ይቀነጥሳሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳታለቅስ ልትጨርስ አስባ ነበር፣ መሃሉ ላይ አቃታት። አዴ ተረፈች ጎመኑን መቀንጠስ አላቆሙም።

«ሃርሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባዬ እንደሚታመም ከሠርጋችሁ በፊት ብታውቂ ኖሮስ?»

እናትየው የያዙትን ቅጠል አስቀመጡ።

«አገባው ነበር» አሉ። ከዚያ እንደተቆጣ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። «ይሄን እንዳትጠይቂኝ ነው የፈራሁት። ሰባቱ ዓመት ከባድ ነበር። ግን ዋቆ የሌለበት ሌላ ኑሮ ልስጥሽ ቢሉኝ አልወስድም። ለልጅ እንዲህ አይባልም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ተነሺ። ታክሲ ሳይጠፋ ሂጂ።»

ሰበታ ስትደርስ እውነቱ አንድ ቤት ጥግ ላይ ተንበርክኮ የማዕዘኑን ድንጋይ በብሩሽ ያጥባል። ውሃው ጠቁሮ ይወርዳል። ከስቷል። ጥላዋ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ቀና አለ፤ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«ዮኒ ነው የነገረሽ?» አለ።

«ዮኒ ነው።»

«መምጣት አልነበረብሽም።»

«ስልክህን ዘግተህ እንዴት ልንገርህ ታዲያ?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ስንት ወር ነው ግድግዳ ሳይ የከረምኩት፣ ታውቃለህ?»

«እኔም ጉዳይ ኖሮኝ በቡራዩ ሳልፍ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ጎንበስ እል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ካየሁሽ እወርዳለሁ ብዬ። ዱርሲቱ፣ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት እንዳለኝ አላውቅም። የማላውቀውን ልሰጥሽ አልችልም።»

«ዓመት አልጠየቅሁህም። ይሄን ሥራ ስትጨርስ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ቤቴ። ፉሪ።»

«እሺ። አብሬህ ልሂድ።»

እውነቱ ፊቱን በእርጥብ እጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ዱርሲቱ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ቀሚሷ በጥቁሩ ውሃ መበላሸቱን ያየችው ኋላ ነው።

ሽማግሌዎች በጥቅምት ተላኩ። አዴ ተረፈች እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ። በጥር ተጋቡ።

አሁን ፉሪ ነው የሚኖሩት። እውነቱ በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ እስካሁን አልባሰበትም። ዳገቱ ግን ይከብደዋል። ከታክሲ ወርደው ወደ ቤት ሲወጡ፣ መሃል ላይ ቆም ይላል። ዱርሲቱም ትቆማለች። ደክሞህ ነው ወይ አትለውም። አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ወደ እሱ ዞራ ስለ ዛሬ ደንበኞቿ ታወራዋለች፤ እሱ ይስቃል፤ ሲያበቃ ደግሞ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ደግሞ ይቆማሉ። ቁልቁል የሚወርዱ ጎረቤቶች እነዚህ ሰዎች ወሬያቸው አያልቅም ይላሉ። አልተሳሳቱም።