ቀትር ላይ የተቀበልኩት ቃሬዛ

እኔ በጋኔን፣ በዛር፣ በቀትር ሰይጣን የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ «ቀትር ላይ ወንዝ አትውረድ» ስትለኝ ልክ በስድስት ሰዓት ወርጄ የምዋኝ ነበርኩ፣ ካደግኩ በኋላም ደብረ ማርቆስ ውስጥ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ፣ ባልደረቦቼ ስለ መናፍስት ሲያወሩ ከፋይል ክምር ጀርባ ሆኜ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ። አሁንም አላምንም። ግን የሆነው ሆኗል፣ እንደ ወዳጅ ልንገራችሁ፣ ብቻ ድካም ስላለብኝ ብንዛዛ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ማርቆስ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። አርባ አንድ ዓመቴን የያዝኩት ያን ጊዜ ነበር። አባቴ የሞተው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ሰዎቹን እያሳቀ ሳለ ወደ ጎን ዘንበል አለ፣ በቃ። የእሱም አባት እንዲሁ በጎልማሳነቱ እንደሄደ ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግኩት። እንግዲህ ዓመቱ ሲደርስብኝ ፈራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፣ ትዕግስት ትባላለች፣ እሷን እንደኔ አባት አልባ አድርጌ እንዳልሄድ ነበር ጭንቀቴ ሁሉ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ «ግፊትህ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ተራመድ» አለኝ። ግማሽ ሰዓት! ሞትን የሚሸሽ ሰው በግማሽ ሰዓት የት ይደርሳል ብዬ መድኃኒቱን በራሴ እጅ አበዛሁት።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ እሮጣለሁ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ እሮጣለሁ፣ እሑድ ሌላው ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እኔ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ ከዳገት እወርዳለሁ። የእግሬ ጥፍሮች ጠቁረው ወላለቁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ፣ እኔ ግን «እየተሻለኝ ነው» እላለሁ። ባለቤቴ የሺ አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ ጀርባህን እንጂ ፊትህን አታውቀውም» አለችኝ። ጎረቤታችን አዲሱ ደግሞ የስፖርት መምህር ነው፣ አጥር ላይ ተደግፎ «ስማኝ ወንድሜ፣ ሰውነት የሚጠነክረው ስትሮጥ አይደለም፣ ሮጠህ ስታርፍ ነው፣ አንተ መቼ ነው የምታርፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነህ አልኩት፣ ያንኑ ዕለት ማታ ሮጥኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም፣ የምሳ እረፍት ግን እንዳለ ነው፣ ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ፣ ይህ ሰዓት እኮ ባዶውን የሚባክን ነው! የማልበላበትን የምሳ ሰዓት ልሩጥበት! እዩት እንግዲህ የኔን ብልጠት፣ ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልገባበት ሆድ ይዤ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በቀን ለሦስተኛ ጊዜ መሮጥ ጀመርኩ። በየቀኑ ከትናንቱ በደቂቃ ላሳጥር እያልኩ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ነበር የምሮጠው።

ያን ቀን በሮብ ገበያ መንገድ ወጣሁ። ጠጠር መንገድ ነው፣ ከተማው ካለቀ በኋላ ግራና ቀኙ እርሻ፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ። የበልግ እርሻ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጥማዳቸውን ፈትተው በሬዎቻቸውን ጥላ ውስጥ አቁመዋል፣ በየቀኑ ሳልፍ ስለሚያዩኝ ተለማምደናል። «ልጄ!» አሉኝ ከሩቅ፣ «ቀትር እኮ ነው! በሬ እንኳ ይፈታል፣ አንተን የሚፈታህ የለም?» እጄን አውለብልቤላቸው ሳልቆም አለፍኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከፊት ለፊቴ ለቀስተኛ መጣ። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው ይሆናሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ቃሬዛ ተሸክመዋል። የኛን አገር ደንብ መቼም ታውቃላችሁ፣ አስከሬን ሲያልፍ መንገደኛ ጉዳዩን ትቶ ይቆማል፣ ዞሮ ጥቂት ይሸኛል፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ገብቶ ከደከመው ሰው ቃሬዛውን ይቀበላል፣ ሟቹን አወቀውም አላወቀውም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ አድርጌዋለሁም። ያን ቀን ግን ሰዓቴን አየሁ፣ ከትናንቱ ሁለት ደቂቃ እቀድማለሁ፣ ብቆም ይቀርብኛል። አንገቴን ደፍቼ በመንገዱ ዳር ሮጬ አለፍኳቸው። እመኑኝ፣ እስከ ዛሬ የማፍርበት ይህ ነው።

ሳልፍ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው፣ የሚያለቅስ የለም። ቄስ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሙሾ የለም፣ የጫማ ኮቴ ጠጠር ላይና የቃሬዛው እንጨት ሲጥ ሲጥ ሲል ብቻ። ከኋላ የምትከተል አንዲት ሴት አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ የተበጠሰ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ምስኪን ብዬ አለፍኩ።

አሥር ደቂቃ ቢሆነኝ ነው፣ ከፊት ለፊቴ ሌላ ለቀስተኛ መጣ። ዛሬ ደግሞ ሞት በዛ አልኩ። ሲቀርቡ ያው አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ ያው ዝምታ፣ ያው የእንጨት ሲጥሲጥታ፣ ከኋላም አንድ እግሯ ባዶ የሆነ ሴት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ዘወር ብዬ የመጣሁበትን አየሁ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ማንም የለበትም፣ አቧራ እንኳ አልተነሳም። ጥማት ነው አልኩ፣ ላብ ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩ፣ አሁንም በዳር በኩል አለፍኳቸው። በዚህኛው ግን ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ነበር የተሸከመው፣ የአራተኛውን ጫፍ የያዘ ሰው አልነበረም፣ ቃሬዛው ግን አላጋደለም።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። መሮጥ ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል አልታዘዝ አለኝ፣ ቆምኩ። እነሱም ቆሙ። ከፊት የተሸከመው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ በጣም በደከመ ድምፅ፣ «ተቀበለን እንጂ ወንድም፣ ደክሞናል» አለኝ። ምን ልበል? ተቀበለን ሲሉት እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ገባሁና ባዶውን ጫፍ በቀኝ ትከሻዬ ተቀበልኩ፣ ፊቴም ወደ መጣሁበት ዞረ፣ ጉዞ ጀመርን።

ክብደቱን አልነግራችሁም፣ የምለው ቃል የለኝም። ከሁሉ የባሰው ክብደቱ አይደለም። ከጆሮዬ በላይ፣ ከተጠቀለለው አቡጀዲ ውስጥ፣ ሰው ይተነፍሳል። ቁና ቁና ነው የሚተነፍሰው፣ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው። ያን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ ስሰማው የከረምኩት ነው። «ማን ነው?» አልኩ፣ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ሰውዬው ዞር ሳይል፣ «አልታመመም እኮ፣ ደክሞት ነው» አለኝ። ትንፋሹ ቀስ እያለ መጣ፣ እየራቀ፣ እየራቀ፣ እኔም አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ የራሴን ትንፋሽ ይዤ እጠብቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አልቅሼ አላውቅም። «አትቁምበት፣ እባክህ አትቁም» እያልኩ ነበር የምሄደው፣ ማንን እንደምለምን ግን እኔም አላውቅም።

«አንተ ልጅ! አንተ ልጅ!»

ሽማግሌው ናቸው። በሬዎቻቸውን እንደገና ጠምደዋል፣ እኔ መንገዱ መካከል ቆሜያለሁ፣ ብቻዬን፣ ቀኝ እጄ አሁንም ወደ ላይ ተሰቅሎ ትከሻዬ አጠገብ ባዶ አየር ጨብጧል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ሰዓቴን ሳይ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እርሻ ላይ ይዘውት ከዋሉት ቅል ውሃ ሰጡኝና ጠጣሁ።

«አባቴ፣ ለቀስተኞቹ በየት ሄዱ?» አልኳቸው።

«የምን ለቀስተኛ? ዛሬ በዚህ ደብር ቀብር የለም፣ ቢኖርማ እኔ እርሻ ላይ እውላለሁ?»

«እርስዎ ታዲያ ምን አዩ?»

«አንተን ነዋ። ከድልድዩ ጀምረህ ብቻህን፣ አንድ እጅህን ሰቅለህ፣ እያዘገምህ ስትመጣ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እየሰሙኝ ፊታቸው ተለወጠ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ «ለማን አቀበልኸው?»

አሰብኩ። ደንቡ እንደሱ ነው፣ ሌላ ሰው ትከሻውን ሳያስገባ ማንም ዝም ብሎ ጥሎ አይወጣም። እኔ ግን ያቀበልኩትን ሰው አላስታውስም፣ ያወረድኩበትንም ቦታ አላስታውስም። «አላቀበልኩም መሰለኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው ቅላቸውን ከእጄ ተቀበሉ፣ ሲቀበሉ በግራዬ በኩል ዞረው መጥተው ነው፣ «እግዜር ያቅልልህ እንግዲህ» ብለው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

አዲሱ ስነግረው «ስኳርህ ወርዶ ነው፣ በባዶ ሆድ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በቀን ሦስት ጊዜ! ስለ ቃሬዛ ሳይሆን ስለ መትረፍህ ነው ማውራት ያለብህ» ብሎ ተቆጣኝ። ትክክል ይሆናል፣ እኔም ለሰው የምለው እንደሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ያዘዘልኝን ግማሽ ሰዓት ብቻ እራመዳለሁ፣ አርባ አንድም አለፈ፣ አርባ ሁለትም፣ ዛሬ ከአባቴ በዕድሜ ታላቅ ነኝ። ብቻ ቀትር ሲሆን ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ይላል፣ ልብስ ሰፊዬ ሁልጊዜ የኮቴን ቀኝ ጎን ያስተካክላል፣ ተኝቼም ተነስቼም ድካሙ አይለቀኝም። ሐኪሞች አይተውኝ ምንም የለብህም ብለውኛል።

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ትዕግስት መጣች፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራ ይዛለች። ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና በቀኝ በኩል ወደ ትከሻዬ እጇን እየዘረጋች፣ እየሳቀች፣ «አባዬ፣ ምን ተሸክመህ ነው እንዲህ የጎበጥኸው? ልቀበልህ?» አለችኝ።

ወንበሩን ገልብጬ ተነሳሁ። «አትንኪኝ!» ብዬ ጮህኩባት፣ ሰፈሩ ሰማ፣ በሕይወቴ ተቆጥቻት የማላውቃት ልጅ እጇን ሰብስባ አለቀሰች። ምን ብዬ ላስረዳት? እናቷ እስካሁን ይቅርታ ጠይቃት እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ እጠይቃታለሁ። እስከዚያው ግን ልጄ ስትመጣ በግራዬ በኩል ነው የማስቀምጣት።